«ፓታን»፦ ሐያስያኑ ያመሰገኑት ፊልሙን ነው ወይስ ሰውየውን?

ተመልካቹ፦

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ፊልሙን ገና ያላያችሁ ካላችሁ ከዚህ በታች ያለውን ከማንበባችሁ በፊት ብታዩት ይሻላል፤ ፍጻሜውን ጭምር መናገሬ አይቀርምና። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ፓታን» ጃንዋሪ 25 ቀን 2023፣ በሕንድ የሪፐብሊክ ቀን ዋዜማ ሲኒማ ቤት ሲገባ፣ ሻህ ሩክ ካን መሪ ተዋናይ ሆኖ ከታየ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያ በፊት የሠራው የ2018ቱ «ዜሮ» ተመልካች አጥቶ ወድቋል። በ2021 ደግሞ ልጁ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ተጠርጥሮ ለሳምንታት ታስሯል፤ በ2022 መርማሪዎቹ በቂ ማስረጃ አላገኘንም ብለው ክስ ሳይመሠርቱበት ቀርተዋል። እንግዲህ ሰውየው የተመለሰው ይህን ሁሉ አሳልፎ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ፣ ፀጉሩን አስረዝሞና ሰውነቱን እንደ ጎረምሳ አፈርጥሞ፣ ፊልሙ እስኪወጣም ድረስ ለጋዜጠኞች ቃለ መጠይቅ ሳይሰጥ ነው።

ፊልሙ ያሽ ራጅ ፊልምስ «የሰላዮች ዓለም» ብሎ የሰየመው ተከታታይ አራተኛ ክፍል ነው። ከእርሱ በፊት በ2012 «ኤክ ታ ታይገር»፣ በ2017 «ታይገር ዚንዳ ሃይ»፣ በ2019 «ዋር» ወጥተዋል፤ «ዋር»ን ያዘጋጀውም ይኸው የ«ፓታን» ዳይሬክተር ሲድሃርት አናንድ ነው። በዓለም ዙሪያ የሰበሰበው የትኬት ገቢ ከ1,000 ክሮር ሩፒ አልፏል፤ አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ነውና ከአሥር ቢሊዮን ሩፒ በላይ መሆኑ ነው።

ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ ገንዘቡ አይደለም። በዚያ ሰሞን የወጡትን ሂሶች፣ የሕንዶቹንም የውጭዎቹንም፣ ተራ በተራ ሳነብ የገረመኝ ሁሉም አንድ መምህር ያስተማራቸው መምሰላቸው ነው። ሻህ ሩክ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ጆን አብርሃም ባላንጣውን ጂምን ማንም ባልጠበቀው ብቃት ተጫውቷል፤ ሴራው ወንፊት ነው፤ በኮምፒዩተር የተሠሩት አንዳንድ ትዕይንቶች ያሳፍራሉ፤ ቢሆንም ያዝናናል። አምርረው የነቀፉትም አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጉድለቱን በአንድ አንቀጽ ዘርዝረው በሚቀጥለው አንቀጽ ይቅር ብለውታል።

የእኔ ቅሬታ ጣታቸውን የቀሰሩት ሌላ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ሰው በብረት ክንፍ ከተራራ ተራራ ይበራል አይበርም የሚለው ክርክር የፊልሙ ቁስል አይደለም። ቁስሉ ጂም ነው። ጂም ከሕንድ የስለላ ድርጅት ሰዎች ምርጡ ነበር። ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር በታገተ ጊዜ መንግሥቱ ከአጋቾች ጋር አልደራደርም አለ፤ ሚስቱ ዓይኑ እያየ ተገደለች፤ እርሱ ደግሞ ሞቷል ተብሎ የጀግና ሜዳልያ ተሸለመ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ የቅጥረኞች ቡድን አቋቁሞ፣ ሕንድ በኦገስት 2019 የካሽሚርን ልዩ ሥልጣን በመሻሯ ያበደ አንድ የፓኪስታን ጄኔራል በገንዘብ ሲጠራው የገዛ አገሩን ለማጥፋት የተነሣው።

ለዚህ ሰው ፓታን የሚሰጠውን መልስ ታስታውሳላችሁ? ወታደር አገሬ ምን አደረገችልኝ ብሎ አይጠይቅም፤ እኔ ለአገሬ ምን ላድርግ ብሎ ነው የሚጠይቀው ይለዋል። እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምሁና ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ አየሁት። ሚስቱን ከነጽንሷ ላጣ ሰው የተሰጠው ምላሽ ጥቅስ ነው። ከዚያ በኋላ ቡጢው ይቀጥላል፣ ጥያቄው ግን ከወደቀበት የሚያነሣው አያገኝም።

የሚያናድደው ደግሞ ፊልሙ ነገሩን የማያውቅ አለመሆኑ ነው። ፓታን ራሱ ቆስለው ከሥራ የተገለሉ ሰላዮችን ሰብስቦ አዲስ ክፍል ሲያቋቁም፣ ጃፓኖች የተሰበረ ሸክላ በወርቅ ስለሚጠግኑበት ጥበብ ይናገራል። አገር የሰበረችውን ሰው ምን ታድርገው የሚለው ጥያቄ የፊልሙ የራሱ ጥያቄ ነው ማለት ነው። አንዱ ስባሪ በወርቅ ተጠገነ፤ ሌላው ከገደል ተወረወረ። ካነበብኋቸው ሐያስያን ብዙዎቹ ይህን ሳያነሡ «ጥሩ ባላንጣ» ብለው አልፈዋል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቸኩሎ፦

ወንድሜ፣ አጻጻፍዎ ያስቀናል፤ ሐሳብዎን ግን አልቀበለውም። ክትፎ ቤት ገብቶ ሽሮ ለምን አልቀረበም ብሎ አስተናጋጁን እንደ መቆጣት ነው። ዳይሬክተሩ ቃል የገባልን ሁለት ሰዓት ከግማሽ የማይሞላ ድብድብ፣ ዘፈን፣ የሚያምር አገርና የሚያምር ሰው ነው፤ ቃሉንም ጠብቋል። ጂም ቢያለቅስ፣ ፓታንም አብሮት ቢያለቅስ፣ ሁለቱም ተቃቅፈው ለመንግሥት የቅሬታ ደብዳቤ ቢጽፉ ማን ትኬት ይገዛል?

በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች አንድ ሕግ እናውቃለን፤ አክተር አይሞትም። የሕንድ ፊልም ከሆነ ደግሞ አክተር አይሞትም ብቻ ሳይሆን ሸሚዙም አይቆሽሽም። ሐያስያኑም ይህን ሕግ ያውቁታልና ፊልሙን በራሱ ሕግ ዳኙት። ጥፋታቸው ምኑ ላይ ነው?

የዱባይዋ፦

ሁለታችሁም ያልነካችሁትን አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ያየሁት በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት እዚሁ ዱባይ ሲኒማ ቤት ነው፤ እዚህ ከተማ ደግሞ «ፓታን» እንደ ውጭ አገር ፊልም አልታየም። ጃንዋሪ 14 ቀን ማስታወቂያው ቡርጅ ኻሊፋ ላይ ሲበራ ሻህ ሩክ ራሱ መጥቶ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ጂምና ፓታን የሚፋለሙበት የዳውንታውን ጎዳና እኔ በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ በአውቶቡስ የማልፈው ነው። መኪና እዚያ ላይ ሲገለበጥ ሳይ በልቤ ያሰብሁት ስለ ሴራው አልነበረም፤ ነገ ስንት ሰዓት እዘገያለሁ እያልሁ ነበር።

አዳራሹ ከፊት እስከ ኋላ ሞልቷል። ከቀኜ ሕንዳውያን ቤተሰቦች ከነሕፃናቶቻቸው፣ ከግራዬ አብራኝ የምትሠራ ፓኪስታናዊት። ባቡሩ ላይ ፓታን በሩሲያውያን ተደብድቦ ሊያልቅ ሲል ሳልማን ካን የቀደሙት ፊልሞች ጀግና «ታይገር» ሆኖ የባቡሩን ጣሪያ ሰብሮ ሲገባ የተነሣውን ጩኸት በቃል ልገልጸው አልችልም። ፉጨት ነው፣ ጭብጨባ ነው፣ ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ ወንበራቸው ላይ ቆመዋል። ሁለቱ የተናገሩትን አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ከታች የሚያልፈውን የአረብኛ ጽሑፍም የሰውዬው ጀርባ ሸፍኖብኛል። ከወራት በኋላ ቤቴ ሆኜ በስልክ ስደግመው ነው ቃላቸውን የሰማሁት፤ እውነቱን ልናገርና ያን ያህል የሚያስጮህ ነገር አልነበረበትም።

ስለዚህ ለሐያስያኑ አዝንላቸዋለሁ። የሚጽፉት ስለ ፊልሙ ይሁን ስለ አዳራሹ እንዴት ይለዩ? ከሰው ጋር ያየ ሰው ጩኸቱን ተሸክሞ ይወጣል፤ ብቻውን ያየ ደግሞ ቀዳዳውን ሲቆጥር ያመሻል።

ፓኪስታናዊቷን በተመለከተ፣ ፊልሙ በአገሯ ሲኒማ ቤቶች እንዲታይ አልተፈቀደም፤ እንዲያውም ካራቺ ውስጥ በድብቅ ሊያሳዩ የሞከሩ ሰዎች በሲንድ ክፍለ ግዛት የሳንሱር ቦርድ ታግደዋል። እርሷ ግን እዚህ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ አየችው። በካንሰር ሊሞት የተቃረበው ጄኔራል ሲፎክር ሳቀች፤ ዲፒካ ፓዱኮን የፓኪስታን ሰላይ ሆና ከሕንዱ ጀግና ጋር ስትተባበር ግን ዝም ብላ አየች። ስንወጣ «ቢያንስ ሴቲቱን ሰው አድርገዋታል» አለችኝ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ካነበብኋቸው ሂሶች ሁሉ አብልጬ ይዤዋለሁ።

ሚዛን፦

እህቴ የመጨረሻው አንቀጽሽ ወደ ዋናው ጉዳይ ወስዶናል፤ የክሩ ከፋች ያነሡት ጥያቄም ያለ እርሱ አይፈታም።

ይህ ፊልም ገና ሳይታይ ተፈርዶበታል። ዲሴምበር 2022 «በሻራም ራንግ» የተባለው ዘፈን ሲለቀቅ፣ ዲፒካ በአንዱ ትዕይንት የለበሰችው ብርቱካንማ የዋና ልብስ የሂንዱ እምነት ቅዱስ ቀለም ተዳፍሯል የሚል ቁጣ አስነሣ። የማድያ ፕራዴሽ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ናሮታም ሚሽራ ካልተስተካከለ በክልላችን ስለመታየቱ እናስብበታለን እስከ ማለት ደረሱ። አሕመዳባድ ውስጥ በአንድ የገበያ አዳራሽ የፊልሙ ምስሎች ተቀደዱ። የሳንሱር ቦርዱም ዘፈኑን ጨምሮ አንዳንድ ቦታ እንዲታረም አዘዘ። ልብ በሉ፤ አንድ ቀሚስ እንኳ የማይሞላ ጨርቅ የክልል ሚኒስትር አንቀሳቅሷል።

እንዲህ ባለ አየር ውስጥ የሚጻፍ ሂስ የፊልም ሂስ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ፊልሙን ማመስገን ከአንድ ወገን መቆም፣ መንቀፍም ከሌላው መቆም ተደርጎ ተቆጠረ። ሰው ትኬት ሲገዛ ድምፅ የሚሰጥ መሰለው። በካሽሚር በስሪናጋር፣ በዚያ ብዙ ሲኒማ ቤት በጦርነቱ ዘመን በተዘጋበት ከተማ፣ «አዳራሹ ሞልቷል» የሚል ማስታወቂያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ተለጠፈ ተብሎ ዜና ሆነ። ይህ ሁሉ በአምስት ኮከብ መለኪያ ላይ የት ይመዘገባል?

የፊልሙ ብልጠት ደግሞ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ማስተናገዱ ነው። የሚጀምረው በካሽሚር ጉዳይ ስለሆነ አገር ወዳዱ ቅር አይለውም፤ ክፉው ከፓኪስታን ነው፣ የሚድነውም ሕንድ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ያስገባል። ጀግናው እናት አባቱ አይታወቁም፤ ሕፃን ሆኖ የተገኘው ሲኒማ ቤት ተጥሎ ነው። «ፓታን» የሚለውን ስም የሰጡት በአፍጋኒስታን ያዳናቸው የመንደር ሰዎች ናቸው። የዲፒካ ገጸ ባሕርይ ሙስሊም ነህ ወይ ብላ ስትጠይቀው እንኳ ቀጥተኛ መልስ አይሰጣትም። ሻህ ሩክ ካንን የሚያህል ሙስሊም ኮከብ በዚያ ሰሞን ይህን ገጸ ባሕርይ መጫወቱን መልስ አድርገው ያነበቡ ሐያስያን አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ቃለ መጠይቅ ያልሰጠው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚለውን በፊልሙ ብሎታል።

የጂም ጥያቄ ያልተመለሰውም ከዚህ የተነሣ ነው። አገር ወዳድነቱ በየቀኑ የሚጠየቅ ተዋናይ፣ አገር በድላለች የሚልን ሰው «እውነትህን ነው» ብሎ እንዲያቅፈው መጠበቅ የዋህነት ነው። እዚያ ላይ አንድ ቃል ቢስት ኖሮ ፊልሙን የሚያቃጥሉት በምሳሌ ሳይሆን በክብሪት ነበር።

አሮጌ ሲኒማ፦

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ በዚህ መድረክ ከምጽፍ ማንበብ ይቀናኛል፤ ዛሬ ግን ሁለት ነገር አስገደደኝ።

የመጀመሪያው ያ ጥቅስ ነው። ተመልካቹ የጠቀስኸው «አገሬ ምን አደረገችልኝ አትበል» የሚለው ነገር የፓታን አይደለም፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1961 ሥልጣን ሲይዙ የተናገሩት ነው። በእኛ ጊዜ የተማሪ ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ አይቸዋለሁ። ፊልሙ ለሕንዳዊው ቁስለኛ የሰጠው መልስ ከሌላ ሰው የተበደረው ነው ማለት ነው። ይህ ካንተ ቅሬታ ጋር ይሄዳል ብዬ ጠቆምሁ እንጂ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም።

ሁለተኛው ግን ለእኔ ከዚያ ይበልጣል፤ ማንም ሐያሲ ሲያነሣው ስላላየሁ ይገርመኛል። ጂም የሚታጠቀው መሣሪያ የተሻሻለ ፈንጣጣ ነው። ስሙን «ራክትቢጅ» ይሉታል፤ «የደም ዘር» ማለት ነው፤ ከሂንዱ አፈ ታሪክ የተወሰደ፣ ከፈሰሰው ደሙ ጠብታ ሁሉ አዲስ ራሱን የሚያበቅል የአጋንንት ስም ነው። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ እንደ ማንኛውም የፊልም ቫይረስ ቆጥረው አለፉት። እኔ ግን እናቴ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበራት። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉንጯን በጣቴ ስነካ ጎድጎድ ጎድጎድ ይልብኝ ነበር። ታላቅ እህቷ በዚያው ወረርሽኝ ሞታለች። በግራ ክንዴ ላይ ያለው ክብ የክትባት ምልክት ዛሬም አለ፤ የልጅ ልጆቼ «ጥይት ነው?» ይሉኛል።

ኢትዮጵያ ከፈንጣጣ የጸዳችው በ1976 ነው። በተፈጥሮ የተያዘ የዓለማችን የመጨረሻው ሰው የተገኘው በ1977 በጎረቤታችን በሶማሊያ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ጠፍቷል ብሎ ያወጀው በ1980 ነው። ሕንድም ብዙ ሰው ከፈጀባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። እንግዲህ ዲምፕል ካፓዲያ የምትጫወታት አለቃ በሽታው ላቦራቶሪው ውስጥ ሲለቀቅ፣ ሌላው እንዲተርፍ ራሷን የምትሠዋበት ትዕይንት ላይ ቆዳዋ ሲለወጥ ለአፍታ ይታያል። እዚያ ላይ ዓይኔን አዞርሁ። በሁለት ሰዓት ተኩል ድብድብ ውስጥ እውነት የፈራሁት ያን አፍታ ብቻ ነው፤ ፊልሙም ወዲያው ትቶት ወደ ሌላው ይሮጣል።

አርታዒ ነኝ፦

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ፤ ስለ ፈንጣጣው የጻፉት ፊልሙን ዳግመኛ እንዳየው አድርጎኛል።

እኔ የምተዳደረው ቪዲዮ በማቀናበር ስለሆነ «ኢፌክቱ ደካማ ነው» ተብሎ በጅምላ ስለሚነገረው ነገር ጥቂት ልበል። በዚህ ፊልም ውስጥ ሁለት ዓይነት ድብድብ አለ፤ ሂሶቹ ግን አንድ ላይ ያጨቋቸዋል። በበረዶ በተሸፈነው የባይካል ሐይቅ ላይ ያለው የሞተር ብስክሌት ማሳደድ እዚያው ሳይቤሪያ ሐይቁ ላይ የተቀረጸ ነው። ጎማው በረዶውን ሲቧጥጥ የሚነሣውን ብናኝ ተመልከቱት፤ ወደ ካሜራው ሲመጣ ብርሃኑን ይከልለዋል፣ ጥላው ሞተሩ ላይ ያርፋል፣ ሞተሩ ሲታጠፍ የነጂው ትከሻ ዘግይቶ ይከተላል። ይህ ክብደት ነው። ዓይናችን በሰከንድ ቁራጭ ይለየዋል፤ ምክንያቱን መናገር የማይችል ተመልካች እንኳ ወንበሩን ጨብጦ ይይዛል።

መጨረሻ ላይ ያለው የክንፍ ውጊያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተዋናዮቹ ስቱዲዮ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥለው፣ ከኋላቸው የሚያልፈው ተራራ በኮምፒዩተር የገባ መሆኑ ያስታውቃል። ፀሐዩ ከአንድ ወገን ተራራውን ሲመታ ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን ከሌላ ወገን ይመጣል። ፀጉር ይውለበለባል፣ ጉንጭ ግን አይንቀሳቀስም፤ በዚያ ፍጥነት የሚበር ሰው ፊቱ ይለጠጣል። ካሜራውም በነፃነት እየተሽከረከረ የትኛውም እውነተኛ ካሜራ በማይደርስበት ቦታ ይሄዳል፤ ዓይን ይህን ሲያይ መፍራቱን ይተዋል።

ችግሩ የገንዘብ እጥረት አይመስለኝም። ከድብድብ አቀናባሪዎቹ አንዱ በ«ቶፕ ጋን፦ ማቭሪክ» የሠራው ኬሲ ኦኒል ነው፤ የሚችል ሰው ነበራቸው። ጉድለቱ የታየው ሰው ሊሠራው የማይችለውን በጻፉበት ቦታ ነው። እንግዲህ ክሩን የከፈቱት ወንድማችን ሐያስያኑን ጣታቸውን ያለ ቦታው ቀሰሩ ሲሉ በከፊል አልስማማም፤ ይህም ጉድለት ነው፣ መነገርም ይገባዋል፤ ግን በአንድ ቃል ሳይሆን የትኛው ትዕይንት ለምን እንደ ወደቀ ተለይቶ።

ተመልካቹ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚዛን ያሉት ነገር ሐሳቤን በግማሽ አስለውጦኛል፤ ሻህ ሩክ በዚያ ሰሞን ያንን መልስ ከመስጠት በቀር መንገድ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሆኖም መንገድ ማጣቱ ትዕይንቱን ጥሩ አያደርገውም፤ ለምን እንዲያ እንደ ሆነ ብቻ ይነግረናል።

ቸኩሎ ስለ ክትፎና ሽሮ ላሉት ደግሞ መልሴ «ራዚ» ነው። በ2018 የወጣ፣ ሜግና ጉልዛር ያዘጋጀችው የሕንድኛ የስለላ ፊልም ነው። በ1971ዱ ጦርነት ዋዜማ አንዲት ካሽሚራዊት ወጣት ሰላይ ሆና ወደ አንድ የፓኪስታን መኮንን ቤተሰብ በሙሽራነት ትገባለች። አሊያ ባት ትጫወታታለች። ልጅቷ የታዘዘችውን ሁሉ ትፈጽማለች፤ ለዚህም የሚያምኗትንና የሚወዷትን ሰዎች ትገድላለች። መጨረሻ ላይ አለቆቿ ፊት ቆማ ይህ ሥራችሁ ሰውን ከምንም አይቆጥርም ብላ ስታለቅስ በጥቅስ ዝም የሚያሰኛት የለም፤ ፊልሙ እንድትጮህ ይፈቅድላታል። ይህም አገር ወዳድ ፊልም ነው፤ ሕንድ ውስጥ ታይቷል፣ ተወድዷል፣ በፊልምፌር ምርጥ ፊልም ተብሎ ተሸልሟል። ክንፍ የለበትም፤ ገቢውም የ«ፓታን»ን አንድ አራተኛ አያህልም። ግን በዚያው አገር፣ በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ስለ ካሽሚርና ስለ ፓኪስታን በሚያወራ ታሪክ ውስጥ የጂምን ጥያቄ አንሥቶ ማቆየት እንደሚቻል አሳይቶኛል።

የዱባይዋ እህታችን፣ ስለ አዳራሹ ያልሽው እውነት ነው፤ እኔ ሦስቱንም ጊዜ ያየሁት ብቻዬን፣ ላፕቶፕ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ከሰው ጋር ባየው ኖሮ ይህን ክር ላልከፍተው እችል ነበር።

ቸኩሎ፦

«ራዚ»ን አይቻለሁ፤ አልቅሻለሁም፤ ሁለተኛ ግን አላየውም። «ፓታን»ን አምስት ጊዜ አይቻለሁ። ይህም አንድ ዓይነት ሂስ ነው ብትሉኝ ደስ ይለኛል።

ነገር ግን አንድ ነጥብ ልተውላችሁ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሻህ ሩክና ሳልማን በተሰበረው ድልድይ ሐዲድ ላይ ቁጭ ብለው፣ አካላቸው እያመማቸው፣ ሥራውን ትተን ለወጣቶቹ እናስረክብ ይሆን ብለው ይወያያሉ። ማን ይተካናል እያሉ አንዱን ሲጥሉ ሌላውን ሲያነሡ ይቆዩና፣ የአገር ጉዳይ ስለሆነ ለልጆች አይተውም ብለው ይስማማሉ። ሁለት ሰላዮች ሳይሆኑ ሁለት ያረጁ ኮከቦች ናቸው የሚያወሩት፤ ራሳቸው ላይ እየሳቁ። ስለዚህ የርእስዎ ጥያቄ «ፊልሙን ወይስ ሰውየውን» የሚለው ለእኔ መልስ አለው፤ ሰውየውን ነው፤ ፊልሙም ይህን ያውቃል።

የቀመሩ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ፤ ይህን አልክድም። በ2023 ኖቬምበር «ታይገር 3» ሲወጣ ሻህ ሩክ በተራው ሳልማንን ሊያድን ቢመጣም ጩኸቱ የመጀመሪያውን ያህል አልነበረም፤ በ2025 የወጣውን «ዋር 2»ን ደግሞ ሐያስያኑም ተመልካቹም በብርድ ተቀብለውታል። ሻህ ሩክ ራሱ በምርጥ ተዋናይነት የአገሪቱን ብሔራዊ ሽልማት ያገኘው በ«ፓታን» ሳይሆን በ2023 ሴፕቴምበር በወጣው በ«ጃዋን» ነው።

ሚዛን፦

«ጃዋን» ደግሞ መንግሥት የበደለው ወታደር የሚጮህበት ፊልም መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ገበሬው፣ ሆስፒታሉ፣ ምርጫው ሁሉ እየተነሣ በግልጽ ይወቀሳል። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ስምንት ወር ነው። በጃንዋሪ ተሸንፎ ከገደል የወደቀው ጥያቄ በሴፕቴምበር ጀግናው ራሱ ይዞት መጣ፤ ሰውየው መጀመሪያ ሕዝቡ ከጎኑ መሆኑን በ«ፓታን» አረጋግጦ ነው ያን የተናገረው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ጥርጣሬ ብቻ ነው።

አሮጌ ሲኒማ፦

ትናንት ማታ ቸኩሎ ያልኸውን የድልድይ ነገር ለማየት ብዬ ፊልሙን ከፈትሁ፤ የልጅ ልጄ፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የጂም ታሪክ የሚነገርበት ቦታ ደረስን። ሚስቱ ስትገደል ልጁ ክንዴን ያዘኝ፤ ያችን የክትባት ምልክት ነበር የያዘው።

«አባባ፣ ይኼ ነው እንዴ አክተሩ?» አለኝ።

ሊሞት ነው ብዬ ልነግረው አልቻልሁም። «እስኪ ዝም ብለህ እይ» አልሁት።